አንቱ የሚል መንፈስ

ነቢይ ነኝ ባይን ሁሉ «የተናገረው ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» በሚል ጥያቄ ብቻ የሚመዝን ሰው ገና ከደጅ ቆሟል። ሳይደርስ ከቀረ ሐሰተኛነቱ አያከራክርም፤ ቢደርስስ ምን ተገኘ? ጠንቋይም አንዳንድ ጊዜ ይገጥምለታል፤ ቁማርተኛም እንዲሁ። መምህሮቻችን ያስተማሩን ጥያቄ ከዚህ ጠለቅ ያለ ነው፦ ይህ ሰው የሚፈራው ማንን ነው? የላከውን ነው ወይስ የተላከለትን? በወንድሜ ቤት የገባው ሰውዬ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አንዲት ቃል ነበረች። ያውም ሳይጠየቅ።

ወንድሜ፣ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ብረት ሠሪ ነው። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያና የሰገነት አጥር ይሠራል። ሥራ ቤቱና መኖሪያ ቤቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ሳሎን ተቀምጦ ምሳ የሚበላ ሰው የብየዳውን ብልጭታ በመጋረጃው ስንጥቅ ያያል፤ ጨዋታውንም ከብረት መፍጫው ጩኸት ጋር እየተሻማ ይጫወታል። በጉልምስናው ዘመን በእጁ የበየደውን መገጣጠሚያ ቀለም ሳይቀባ ለደንበኛ የሚያሳይ፣ «እስቲ የተጋጠመበትን ፈልጉልኝ» እያለ የሚኩራራ ሰው ነበር። በኋላ ሥራው ሲሰፋ ኮት ለብሶ ከትእዛዝ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። ለሰው የመሰለው ባለጠጋ ስለ ሆነ ነው። እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ፦ ዓይኑ ነው።

የግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። አላመመውም፤ ከጎን ወደ መሐል ቀስ እያለ እንደሚሳብ መጋረጃ ሆኖ ተዘጋ። ሐኪሟ ስሙ ግላኮማ መሆኑን፣ በዓይን ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት የማየቱን ጅማት እየደፈጠጠ እንደሚገድለው፣ የጠፋው ብርሃን ከእንግዲህ እንደማይመለስ፣ ቀኝ ዓይኑም በዚያው መንገድ ላይ መሆኑን ዘርዝራ ነገረችው። ጠብታው ብቻውን ሊያቆመው አልቻለም። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለችና ቀን ቆረጠችለት። እሳት የለመደው ወንድሜ ዓይኑን በቢላዋ እንደሚነኩት ሲሰማ ተነሥቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶም ሦስተኛ ሰው እንደ ታመመ አድርጎ አወራልን፦ «ቀኙም ነው አሉ፤ እንዲያውም መቁረጥ አለበት አሉ።»

ሚስቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈራች እንጂ። ስትፈራም የሚያክመውን ትታ የሚያባብለውን ፈለገች፤ የሚያባብል ሰው ደግሞ በዚህ ዘመን ተፈልጎ አይታጣም።

ሰውዬው ቀድሞ የዕቃ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ተከራይቶ ነቢይ የሆነ ነው። ከዚያ በፊት የስልክ ቀፎ ይሸጥ ነበር ይላሉ። በዚህ አልንቀውም፤ ከመረብም ከበግ ኋላም የተጠሩ ቅዱሳን አሉ። የምንቀው መሸጡን ስላልተወ ነው። ከእሱ ቀድሞ ሽቶው ይገባል፤ ከወጣም በኋላ ሽቶው ይቀራል፤ ከትንቢቱ ይልቅ ዕድሜ ያለውም ይኸው ሽቶ ነው። የወንድሜ ሠራተኞች «ሽቶ» የሚል ስም ያወጡለት ከዚህ የተነሣ ነው። ወደ ሰው ቤት ከመሄዱ አስቀድሞ አንዲት ረዳቱ ለባለቤቶቹ ትደውልና «የጸሎት ርእሳችሁ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ጠያቂዋ ዘርዝራ፣ ተናጋሪዋም አልቅሳ ይጨርሳሉ። እሱ መጥቶ ዓይኑን ሲጨፍን ታዲያ ሁሉም ነገር «ይገለጥለታል»። በስልክ የሚገለጥ ምሥጢር ግን አስቀድሞ የተገለጠው ለደዋይዋ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በወንድሜ ሳሎን ተሰበሰብን። ወንድሜ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ ከወትሮው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ከአጠገቡ፣ እኔ ከመስኮቱ ሥር። በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አሮጊት የቤት ሠራተኛ ደግሞ ውሃ በትሪ ይዘው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ወንድሜ አሠሪያቸው ሆኖ ሳለ እሳቸውን አንቺ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም፤ ልጆቹም እንደዚሁ።

ሰውዬው የቀረበለትን ወንበር አየና ወደ ሰፊው ሶፋ ተሻገረ። ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ጣቶቹን ማንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እየመጣ ነው… እየመጣ ነው…» አለ። ማን እንደሚመጣ አልነገረንም። ከዚያ ብድግ አለና እጁን ወደ ወንድሜ ዘረጋ።

«ጌታ እንዲህ ይላል! ልጄ ሆይ፣ እንባዎን አይቻለሁ! የቀኝ ዓይንዎን በእጄ ዳስሼዋለሁ! ቢላዋ አይነካዎትም! የሰው መድኃኒት አያስፈልግዎትም! ከዛሬ ጀምሮ እንደ ንስር ያያሉ፤ እኔ ጌታዎ ተናግሬያለሁ!»

የወንድሜ ሚስት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አለቀሰች። ወንድሜ እንኳ፣ በደኅና ቀን እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ የሚስቅ ሰው፣ «አሜን» አለ። በዚህ መሐል እማማ የያዙት ትሪ ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር ተጋጨ። ሰውዬው ዓይኑን ሳይገልጥ ወደ ድምፁ ዞረ።

«አንቺ! ጌታ ይልሻል፦ ምላስሽን ሰብስቢ! የዚህን ቤት ገመና ለጎረቤት ታወጪያለሽ! ንስሓ ግቢ፤ አለዚያ እቀሥፍሻለሁ!»

እማማ ትሪውን እንደ ያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እኔ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ በሹክሹክታ። «ከጎረቤቷ ጋር ከተኳረፍን እኮ ሰነበትን። ለማን ነው የማወጣው?»

ሰውዬው በረከቱን አውርዶ፣ ለአዳራሹ መግቢያ ትልቅ የብረት በር ወንድሜ በነጻ እንዲሠራለት ጌታ የፈቀደ መሆኑን ገልጦ፣ ሽቶውን ትቶልን ሄደ።

በሩ እንደ ተዘጋ ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል። አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። «ቅድም እዚህ ቆሞ ‹ዳስሼዋለሁ› ያለው ማን ነው?»

«ጌታ ነዋ፣ ጋሼ!» አለች የወንድሜ ሚስት እንባዋን እየጠረገች። «እሳቸው አፍ ብቻ ናቸው። የሚናገረው እሱ ራሱ ነው።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ወንድሜን ‹እርስዎ› አለው ማለት ነው።»

ወንድሜ ቀና አለ። «ምን?»

«‹እንባዎን አይቻለሁ› ነው የተባልከው። ‹አይነካዎትም› ነው የተባልከው። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ለአንተ፣ ለእናቴ ልጅ፣ ከዙፋኑ ብድግ ብሎ ተነሣልህ። እኔና አንተ ጠዋት ተነሥተን ስንጸልይ ‹አቤቱ፣ አንተ› ነው የምንለው። ፈጣሪን አንተ እያልነው እሱ እኛን አንቱ ማለት ከጀመረ፣ ነገሩ የተገላበጠበት ቦታ አለ።»

«ጋሼ ደግሞ!» አለች ሚስቱ። «ነቢያችን ሰው አክባሪ ስለሆኑ እኮ ነው። ቃሉ የጌታ ነው፤ አክብሮቱ የእሳቸው ነው። ዕቃ ጨዋ ከሆነ የሚቀዳውም ነገር በጨዋ መንገድ ይቀዳል።»

«ደኅና። ዕቃው ጨዋ ነው እንበል። ታዲያ እናቱን በዕድሜ የሚበልጡትን እማማን ‹አንቺ› ሲላቸው ጨዋነቱ የት ሄደ? በሁለት ቃል መሐል ፈሰሰ?»

እማማ ከጓዳ ደጃፍ ላይ ሆነው፣ «ተዉት፣ እኔ አልተቀየምኩም» አሉ፤ የመቀየም ድምፅ ግን ነበራቸው።

«እርስዎ ባይቀየሙም እኔ ተቀይሜያለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ የወታደሩን ሚስት ነጥቆ ባሏን በጦር ሜዳ አስገደለ። እግዚአብሔር ነቢይ ላከበት። ነቢዩ በንጉሡ ፊት ቆመ፤ ዙሪያውን ሰይፍ የታጠቁ ቆመዋል። ግርማዊነትዎ አላለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ አልጀመረም። ‹ያ ሰው አንተ ነህ› ነው ያለው። የላከውን ስለሚፈራ የተላከለትን ለመፍራት ጊዜ አልነበረውም። ይህ የእናንተ ሰው ግን የማን ሶፋ ላይ እንደ ተቀመጠና ውሃ የሚያቀርብለት ማን እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል። መንፈሱም ያንኑ ለይቶ ያውቃል። እንዲህ ያለውን መንፈስ አስተናጋጅ ነው የምንለው፤ ለእንግዳው ልክ የሚያጎነብስ።»

ወንድሜ ሣቀ።

«ጋሼ፣ አንተ ሰዋስው ይዞህ ነው የምትሞተው። ሰው ‹ድነሃል› ሲለኝ አንተ ተቀምጠህ ግሥ ታረባለህ? እሺ፣ አንተስ ምን ትለኛለህ?»

«ሆስፒታል ሂድ እልሃለሁ።»

«እሱንማ ሐኪሟም ብላኛለች» አለና ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ሄደ። ሚስቱ የጠብታውን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለእኔ መራራ ቀናት ነበሩ። ጠዋት ስደውል «እያየሁ ነው» ይለኛል። ማታ ስደውል «ከትናንት ይሻላል» ይለኛል። ምን እንዳየ ስጠይቀው ግን ወሬ ይለውጣል። የሐኪሟ ረዳት ደውላ ሆስፒታል የሚገባበትን ቀን ብታስታውሰው «ፈውስ አግኝቻለሁ» ብሎ ዘጋባት። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን ሰውዬውን ብቻ ሳይሆን ወንድሜንም ናቅሁት። ሊቃውንት በሐሰተኞች ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ ቃላቸውን በሚገዙት ላይ ግን የጻፉት ጥቂት ነው። ገዢ ባይኖር ሻጩ ወደ ስልክ ቀፎው በተመለሰ ነበር።

ሆስፒታል ሊገባ በተቀጠረበት ዕለት ዋዜማ ጠዋት ተነሥቼ ወደ ግቢው ሄድኩ። እግሩን ይዤም ቢሆን ልለምነው ቆርጬ ነበር። ሥራ ቤቱ ውስጥ ግን የጠበቅሁት ነገር አልነበረም።

የአዳራሹ በር በሁለት የብረት መቆሚያዎች ላይ ተጋድሟል። ባለ ሁለት ተከፋች ነው፤ በመሐሉ ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ፤ ንስሩ በጥፍሮቹ የሰውዬውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጨብጧል። የዚህን ንስር ንድፍ ራሱ ሰውዬው ነው የላከው። ከበሩ አጠገብ አንድ ቱታ የለበሰ ሰው የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ ክንፉን ይበይዳል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከኋላው ቆመዋል። አንድም የሚናገር የለም።

ቀለም ቀቢው፣ ምላሱ ከብሩሹ የሚፈጥን ሰው፣ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ ጋሼ። ዛሬ አለቃችን መፈወሳቸውን ሊያሳዩን ኮታቸውን አውልቀዋል። እሳቸውስ ድነዋል፤ እርስዎ ለበሩ ይጸልዩለት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የብየዳው መስመር ከመገጣጠሚያው ይጀምርና ትንሽ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ጎን ይወጣል፤ በደኅናው ብረት ላይ እየተንገዳገደ ይሄድና ይቆማል። መገጣጠሚያው አፉን እንደ ከፈተ ቀርቷል። ይህ፣ «እስቲ የተጋጠመበትን ፈልጉልኝ» ይል የነበረው እጅ ነው። ረጅሙ በያጅ፣ የሠራተኞቹ አንጋፋ፣ መዶሻውን እንደ ጨበጠ መሬት መሬት ያያል። ወንድሜን ሊያስቆመው አልደፈረም፤ ሊያየውም አልቻለም።

በዚህ ጊዜ ሽቶው ገባ። ተከትሎት ሰውዬው፣ ከሰውዬው ኋላ ቦርሳውን የተሸከመ ሌላ ረዳቱ፣ ከእነሱም ኋላ የወንድሜ ሚስት። በሩ የደረሰበትን ለማየት ነው የመጣው። ፈገግ እያለ ወደ ንስሩ ጠጋ ብሎ ክንፉን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«ይህን ማን ነው የሠራው?»

ወንድሜ ከጭምብሉ ሥር የሰማውም አይመስል፤ አዲስ የብየዳ ዘንግ እየሰካ ነበር። ቀለም ቀቢው ግን ብሩሹን ዘርግቶ አመለከተ። «አለቃችን ናቸው» ሊል ይችል ነበር። አላለም።

«እሱ ነው» አለ።

የወንድሜ ሚስት «ኧረ…» ብላ አፏን ከፈተች። ሰውዬው አልጠበቃትም። እጁ ተነሣ፤ ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ለዚህኛው ዓይኑን መጨፈን እንኳ አላስፈለገውም።

«አንተ!» አለ። ድምፁ ቆርቆሮው ላይ አስተጋባ። «ጌታ እንዲህ ይልሃል! አንተ ሰነፍ፣ አንተ ዕውር! የመቅደሴን በር በረከሰ እጅህ አበላሽተሃል! ስለዚህ ዓይንህን አጨልሜዋለሁ! ከዚህ ቤት ነቅዬ እጥልሃለሁ! እንጀራህን ከአፍህ…»

ወንድሜ ቀና አለ። ጭምብሉን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋው። ላብ ያጠመቀው ፊቱ፣ የሞተው ግራ ዓይኑና የቀረችው ቀኝ ዓይኑ ብቅ አሉ።

በዚያች ቅጽበት በሰውዬው ጉሮሮ ውስጥ የሆነውን ነገር እስክሞት አልረሳውም። እጁ እንደ ተዘረጋ ነው። አፉ እንደ ተከፈተ ነው። ቃሉ መሐል መንገድ ላይ ተጣጠፈ።

«…ከአፍ… ከአፍዎ… ማለቴ፣ ጌታ… ይልዎታል…»

ቀለም ቀቢው ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳውን ተደገፈ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ረጅሙ በያጅ መዶሻውን ከእጁ ጣለ።

«ቀጥል እንጂ» አለው ወንድሜ በቀስታ። «ጌታ አልጨረሰም እኮ። እንጀራዬን ከአፌ ምን ሊያደርገው ነበር?»

«እርስዎ… ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዚህ ልብስ… እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም ነበር።»

«አንተ አላወቅህም» አልኩት። «ላኪህስ?»

ወደ እኔ ዞረ። ለመልስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ምንም አልመጣለትም፤ ገለጠው።

ወንድሜ ገና ከእሱ ዓይኑን አላነሣም። «እሑድ የዳሰሰው ዓይን የቱ ነው? ዛሬ ያጨለመውስ የቱ ነው? እኔ የቀረችኝ አንዲት ናት፤ ሁለቱም የወደቁት በእሷ ላይ ነው።»

«መንፈስ አንዳንድ ጊዜ በምሳሌ ይናገራል» አለ ሰውዬው። ድምፁ ወደ ሻጭነቱ ተመልሶ ነበር፤ ለስላሳ፣ አግባቢ። «ፈውሱ ተሰጥቷል፤ የሚቀበለው እምነት ግን ጎድሎ ከሆነ…»

«የማን እምነት?» አለች የወንድሜ ሚስት።

ሁላችንም ዞርን። በሩ አጠገብ ቆማ ጣቷን በብየዳው መስመር ላይ ታስኬዳለች። እሷም የብረት ሠሪ ሚስት ናት፤ ደኅናውን መገጣጠሚያ ከተበላሸው ትለያለች። ጣቷ መስመሩ ከወጣበት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የማን እምነት ነው የጎደለው?» አለች እንደገና። «እኔ ጠብታውን ደብቄበታለሁ። እሱ ሐኪሟን መልሷታል። እሑድ ‹ዳነ› ሲሉኝ አላመንኩም? ከዚህ በላይ ምን ልመን?»

«እህቴ፣ ይረጋጉ። ጌታ ይልዎታል…»

«ይተዉት። ጌታ የሚለኝን እኔ ራሴ ቤቴ ገብቼ እጠይቀዋለሁ። በርዎን ሌላ ቦታ ያሠሩ።»

ሰውዬው ረዳቱን በዓይኑ ጠራና ወጣ። ረዳቱ ቦርሳውን እያስተካከለ ሲከተለው ቀለም ቀቢው እስከ ግቢው በር ሸኛቸው። «በሰላም ይግቡ፣ አንቱ» ሲለው ሰማሁ፤ ሠራተኞቹም በአንድ ድምፅ ሣቁ።

ወንድሜ ግን አልሣቀም። በሩ በተጋደመበት መቆሚያ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን አወለቀ። ድል ያደረገ ሰው ሊመስለን ሲገባ ሬሳ ቀብሮ የተመለሰ ሰው መሰለ። ያን ቀጣፊ ማዋረድ ቀላል ነበር፤ ወንድሜ ግን አብሮ ያጣው ነገር እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሑድ የተሰጠው ተስፋ ውሸት ቢሆንም ያለው እሱ ብቻ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ። «መስመሩ አልታየኝም። የምበይደው የመሰለኝ ሌላ ቦታ ነው።»

«አየሁ።»

«እነዚህም አይተው ዝም አሉኝ።»

«አለቃ፣ ምን ብለን እንንገርዎት?» አለ ረጅሙ በያጅ።

«ዕውር ሆነሃል ማለት አቅቷችሁ ነው? ሽቶ እንኳ ብሎኝ የለ!» አለና ያን ጊዜ እሱም ትንሽ ሣቀ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ጠብታው የት ነው?»

በማግስቱ ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ በእድሜዋ ልጄ የምትሆን ቀጭን ሴት ናት፤ ዓይኑን በብርሃን መሣሪያዋ መረመረች። ጠብታው ከተቋረጠ ወዲህ ግፊቱ መጨመሩንና ዓይኑ ከሚያየው ስፋት ላይ ጥቂት መሸርሸሩን ነገረችው። አልተቆጣችም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ተቆጥቼ ነበር። የወንድሜ ሚስት ግን ቁጣ የጠበቀች ይመስል ቦርሳዋን እንደ ጨበጠች ተሸማቅቃ ቆመች።

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል የሚወስደው ኮሪደር ላይ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ገፊው ሠራተኛ በሩ እስኪከፈት ሲጠብቅ ወንድሜ እጄን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይሳካል?»

«አላውቅም።»

«ዝም ብለህ ይሳካል በለኝ።»

«አልልህም።»

«አንተ ሰው ነህ? አንዲት ደግ ቃል ሠሥተህ ነው?»

በእውነት ልለው ቃጥቶኝ ነበር። ቃሉ ጣፋጭ ነው፤ ዋጋም አያስከፍልም፤ ደግሞም ሊደርስ ይችላል። ያ ሰውዬ የሚኖርበት ቤት ይህ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። የሚጀምረው በክፋት ላይሆን ይችላል። የሚወዱት ሰው እጅዎን ይዞ ሲለምን፣ ያልተሰጠዎትን ቃል ከኪስዎ አውጥቶ እንደ መስጠት ያለ ቀላል ነገር የለም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል፤ ሦስተኛው ላይ አዳራሽ ይከራያሉ።

«የተሰጠኝ ቃል የለም» አልኩት። «እጸልያለሁ። እስክትወጣ ከዚህ አልነቃነቅም። ከዚህ ሌላ አላውቅም።»

ሊቀየመኝ ሲል መልሶ ተወው።

«ቢያንስ ከዚህ አትሄድም» አለ።

«አልሄድም።»

በሩ ተከፈተና አስገቡት።

ሥራው ተሳካ። ሐኪሟ የነገረችን ይህንኑ ነው፦ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው ግን ይቆያል፤ ጠብታውን ዕድሜ ልኩን ማንጠባጠብ አለበት። ወንድሜ ዛሬ በቀኝ ዓይኑ እንደ ጠባብ መስኮት በመሰለ ብርሃን ያያል። ብየዳውን ለረጅሙ በያጅ ሙሉ በሙሉ ትቶለታል። በጣቱ እየዳሰሰ ግን ያርመዋል፤ ይህን ደግሞ በያጁ እንደ ቅጣት ነው የሚቆጥረው።

ስለ ሰውዬው የሰማነው ከጎረቤት ነው፤ እማማ ከጎረቤቷ ጋር ታርቀዋል። በአዳራሹ መድረክ ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ባለጠጋ በእሱ ጸሎት እንደ ተፈወሰ መስክሯል አሉ። ሐኪሞቹ ዓይኑን ሲከፍቱት ድኖ እንዳገኙትና በድንጋጤ መልሰው እንደ ሰፉት ተርኳል። ሕዝቡም አጨብጭቧል። በሩን ሌላ ብረት ሠሪ ሠርቶለታል፤ ንስሩም ክንፉን ዘርግቶ ተሰቅሏል።

እማማ ይህን ሲነግሩን በሳሎን ተቀምጠን ነበር። ደሜ ፈላ። «ነገ ሄጄ በጉባኤው መካከል እቆማለሁ» አልኩ። የወንድሜ ሚስት «እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ፣ ጋሼ» አለችና ተነሣች፤ አፏን ሞልታ የምትሰድበውን ስድብ ከወዲሁ መለማመድ ጀመረች። አብዛኛው ለጆሮ የሚከብድ ቢሆንም ትክክል ነበር።

ወንድሜ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ድምፅዋን ይሰማል፤ እሷን ግን አላገኛትም።

«የት ነሽ?» አላት።

«እዚህ ነኛ፤ አጠገብህ።»

«በግራ በኩል ነሽ። እዚያ ሆነሽ አትታይኝም። ስትሳደቢ ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ፤ ወንበርሽን ይዘሽ ወደዚህ ዙሪ።»

ስድቧን አቋረጠች። ወንበሯን አንሥታ ከፊት ለፊቱ ዞረችና በቀኙ በኩል ተቀመጠች።